ማውሱን ለልጅቷ ተዉላት

ሰሞኑን «ኮዲንግ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ቃሉ ከቢሮ ወጥቶ ቡና ላይም ደርሷል። ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ልጁን አስመዝግቢው አሉኝ፤ ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ በሰፈራችን ከትኩሳት እስከ ኮምፒውተር ያለው ጥያቄ የሚመጣው እኔው ጋ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሥልጠናው ሳይሆን ከሱ በፊት ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት። አንድ ልጅ አይቶት የማያውቀው ነገር ፊት ሲቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ምን ያደርገዋል?

የልጄ ልጆች ክረምቱን እኔ ጋ ነበሩ። ወንዱ 15 ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ምሳ መብላቱንም ይረሳል። እህቱ 9 ዓመቷ ነው። እናታቸው «እህትህን አስተምራት» ብላ ስላዘዘችው ስክራች የሚባለውን ከፈተላት።

ስክራች ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የወጣ፣ በነጻ የሚገኝ፣ በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ልጁ ትእዛዙን በፊደል አይጽፍም። ባለቀለም ብሎኮችን በማውስ እየጎተተ አንዱን ከሌላው ሥር ያገጣጥማል። አረንጓዴዋን ባንዲራ ሲጫን አንዲት ብርቱካናማ ድመት የታዘዘችውን ታደርጋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር እንደሚቻል ስነግራቸው ደግሞ ጎረቤቶቼ ማመን አቃታቸው።

ወንድሟ «እዚህ ጋ ትጫኛለሽ፣ ይሄን ትጎትቻለሽ፣ በቃ አለቀ» እያለ ማውሱን ከእጇ ነጥቆ በአምስት ደቂቃ ድመቷን አስሮጣት። ልጅቷ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ተነሥታ ወጥ ቤት መጣች። «እኔ ሒሳብ አይገባኝም። እሱ የወንዶች ነው» አለችኝ። በ9 ዓመቷ!

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ጤና ጣቢያ ልጃቸውን ተቅማጥ ይዞባቸው የሚመጡ እናቶች «እኔ አልተማርኩም፣ አይገባኝም» ይሉ ነበር። ኦአርኤሱን ነርሷ ራሷ በጥብጣ «ገባሽ?» ብትላቸው «አዎ» ይላሉ፤ ያ «አዎ» ግን ምንም አይነግርሽም። እናትየዋ ራሷ አንዱን ፓኬት ቀድዳ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለክታ፣ በጥብጣ፣ በማንኪያ ስታጠጣ ካየሽ ግን ቤቷም ስትገባ እንደማይጠፋት ታውቂያለሽ።

ልጁን ጠራሁትና «እስቲ እኔን አስተምረኝ። እጅህን ግን ወደ ኋላ አጣምር» አልኩት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቢጫዋን ጎትቻት።»

«ወዴት?»

«ወደዚያ… ወደ ባዶው ቦታ።»

«ባዶው የቱ ነው?»

ላብ በላብ ሆነ። ሳይነኩ ማስረዳት እንዲህ ከባድ መሆኑን ያን ቀን አየው። እህቱ በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች «እማማ፣ ከሥሯ አስጠጊው፣ ራሱ ይጣበቃል» አለች። ቦታውን ለቀቅኩላት።

መጀመሪያ ሁለት ብሎክ ብቻ ገጣጠመች፤ ባንዲራው ሲጫን 10 እርምጃ ሂጂ የሚል። ድመቷ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ልጅቷ ደጋግማ ተጫነች። 24 ጊዜ ስትጫን የድመቷ ግማሽ አካል ከመድረኩ ወጣ፤ ቀጥላ ስትጫን ጭራዋ ብቻ ቀረ። እንደገና ባንዲራውን ብትጫን ድመቷ አልተመለሰችም።

«ተበላሸ!» አለች። የወንድሟ እጅ ወደ ማውሱ ሲወረወር አየሁትና ዞር ብዬ ተመለከትኩት፤ መለሰው። ከዚያ «ወደ መሃል ተመለሽ ብለሻታል?» አላት። «አላልኳትም።» «ታዲያ በምን ታውቃለች?»

አዲስ ገቢ ሁሉ እዚህ ላይ ይደናገጣል መሰለኝ። የተበላሸ ነገር የለም፤ ያልተነገራትን ድመቷ አታደርግም። መድረኩ መሃሉ ዜሮ ነው፣ የቀኙ ጫፍ 240፣ የግራው ከዜሮ በታች 240። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ክፍል ውስጥ ገና አልተማረችም። ድመቷ ወደ ግራ ስትሄድ ግን ወዲያው ገባት። ሒሳብ አይገባኝም ያለችው ልጅ!

በማግሥቱ ድመቷ ሳታቋርጥ እንድትሄድና ጫፍ ስትነካ እንድትመለስ አዘዘቻት። ድመቷ ቀኙን ግድግዳ ነካችና እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተዘቅዝቃ ተመለሰች። ልጅቷ እስክታለቅስ ሳቀች። ወንድሟ መፍትሔውን ያውቃል፤ አንድ ሰማያዊ ብሎክ ነው። ከንፈሩን ነክሶ «ፊቷን ወዴት ወዴት ብቻ ብታዞር ይሻላል?» ብሎ ጠየቃት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ነጭ ሽንኩርት ልጬ ጨረስኩ። ስታገኘው የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶ «ሲስተር፣ ሰላም ነው?» ብሎ በሩን አንኳኳ።

እኛ አያቶች እዚህ ጋ የምናግዝበት አለ። ስለማናውቅ ማውሱን አንነጥቅም፤ «እስቲ አሳዪኝ፣ ይሄ ምን ይሠራል?» ብለን ከልባችን እንጠይቃለን። ሰርተፍኬቱም አይቸኩል። የ9 ዓመት ልጅ የት ልትሰቅለው ነው? ሥራዋን በየጊዜው ሴቭ ማድረግን ግን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷት፤ መብራት ሲጠፋ የአንድ ሰዓት ልፋት አብሮ እንዳይጠፋ።

አሁን ትምህርት ተከፍቷል። እነሱ ቤት ኮምፒውተር የለም። ልጅቷ ባለካሬ የሒሳብ ደብተሯ ላይ መድረኩን እየሣለች፣ ብሎኮቹን በቀለም እርሳስ እየቀባች፣ ድመቷ የት የት እንደምትሄድ ቁጥሩን አስቀድማ ትጽፋለች። ቅዳሜ ስትመጣ ደብተሩን ይዛ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ጋ ትቀመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ያመጣችው ሁለተኛ ድመት ያለችበት ነበር፤ ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙ ሰላም እንዲባባሉ ትፈልጋለች። ወንድሟም እንዴት እንደሚሆን ገና አላወቀውም።