የሪደርቫልድ ምድር ቤትና የዶሮ ማነቂያ ጉራንጉር

ፍራንክፈርትን በባንኮቿና በአውሮፕላን ማረፊያዋ ብቻ የሚያውቅ ወገን ሪደርቫልድን አያውቃትም። ከኮንስታብለርቫኸ በ7 ቁጥር ኡ-ባን ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ፣ ባቡሩ ከመሬት ሥር ብቅ እንዳለ የምትገኝ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ የጓሮ አትክልትና ጸጥታ ያላት የሠራተኛ ሰፈር ናት። በ1910 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ የአውሮፓውያን ነው) መሠራት ስትጀምር ያስገነባት አባላቱ ቁጠባቸውን ያዋጡበት የቤት ማኅበር ነበር። መንገዶቿም ራይፋይዘን፣ ሹልትሰ-ዴሊች እየተባሉ በኅብረት ሥራ አባቶች ስም ይጠራሉ። ዕቁብ ሲጣል እያየ ላደገ ሰው ይህ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። በ1920ዎቹ ደግሞ የከተማው የግንባታ ሹም ኤርንስት ማይ ተጨማሪ ቤቶች አሠራባት።

የምወርድበት ፌርማታ ዮሃና ቴሽ ፕላትስ ይባላል። ሴትዮዋ የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነበሩ፤ በ1919 ለጀርመን ብሔራዊ ጉባኤ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ በ1945 በራቨንስብሩክ የናዚ ማጎሪያ ሕይወታቸው አለፈ። ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ሲጠራ ይውላል።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ግን ከዚህ ሁሉ በታች፣ በእኛ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ነው። እያንዳንዱ ተከራይ እዚያ አንዳንድ ጠባብ ክፍል አለው፤ የማይፈልገውን ነገር ግን ለመጣል ያልጨከነበትን ዕቃ ያኖርበታል። ዕድሜያቸውን በትራም ጥገና አሳልፈው ጡረታ የወጡት ጀርመናዊ ጎረቤቴ የእሳቸውን ክፍል በከተማ ሞልተውታል። ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ ጣሪያው የተበሳ ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድይ፣ የመንገድ መብራት፣ ሁሉም ከጉልበት የማያልፍ። ለልጅ ልጆቻቸው የተሠራ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «የጦርነት ጨዋታ ነው፤ የሚጫወቱትም ሽማግሌዎች ናቸው» አሉኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ በእጅ ቀለም የተቀቡ ወታደሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ወታደሩ ምን ያህል እንደሚጓዝ በሜትር ይለካል፤ ተኩሱ ይምታ ይሳት የሚታወቀው ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ተጥሎ ነው። ጠረጴዛው ሜዳ ከሆነ ረጅም ጠመንጃ ያለው ወገን ገና ሳይጀመር አሸናፊ ነው። ግድግዳ፣ ጥግና መስኮት ሲኖር ግን ደካማውም እየተከለለ ይጠጋል። ስለዚህ ከተማው ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የጨዋታው ግማሽ እሱ ነው።

ጀርመኖች በዚህ ነገር የቆዩ ናቸው። በ1812 ፎን ራይስቪትስ የተባለ ፕሩሳዊ ባላባት ኮረብታና ወንዙ እየተገጣጠመ የሚቀመጥበት፣ ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ሠርቶ ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ አቀረበ። ልጁ በ1824 አሻሽሎት የመኮንኖች መማሪያ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 በሳሎን ወለል ላይ ለሚጫወት ሲቪል የሚሆን ደንብ አሳተመ፤ በ1983 የወጣው የእንግሊዞቹ ዋርሃመር ደግሞ ነገሩን ንግድ አደረገው። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ነገር ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ይገሰግሱ ነበር። ጠባያችንን ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

ከጦርነት አገር የመጣ ሰው ለጨዋታ ተብሎ የተፈረካከሰ ግድግዳ ሲያይ ደስ አይለውም። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልተቀየሙኝም። እናታቸው በማርች 1944 በልጅነታቸው ምድር ቤት ተደብቀው የተረፉ መሆናቸውን ገልጸው፣ «መጀመሪያ ሙዚየም ሂድና የትሮይነሮችን ሥራ ተመልከት፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ሄድኩ። የታሪክ ሙዚየሙ ከሮመርበርግ አደባባይ ጎን፣ ማይን ወንዝ ዳር ነው፤ በ2017 አዲስ ሕንጻ ተከፍቶለታል። ስምንት ዓይነት ፍራንክፈርት እያፈራረቀ የሚያሳይ ግዙፍ የመስታወት ሉል አለው፤ ልጆች ይወዱታል። እኔን እዚያው ያስቀረኝ ግን ኸርማንና ሮበርት ትሮይነር የሚባሉ ወንድማማቾች በ1 ለ200 ልክ የሠሩት የአሮጌው ከተማ ሞዴል ነው። ሥራው የተጀመረው በ1926 ነበር። ያን ጊዜ ያ ሰፈር ድሃ የታጨቀበት፣ ቤቱ ያረጀ፣ መንገዱ የጠበበ ነበርና ሐውልት ይገባዋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። ወንድማማቾቹ ግን መስኮት በመስኮት፣ ጣሪያ በጣሪያ መዘገቡት። ማርች 22 ቀን 1944 ሌሊት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ያንን የእንጨት ቤት ሁሉ አነደዱት፤ በአንድ ሌሊት አንድ ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ሞዴሉ የተጠናቀቀው በ1961 ነው። ከተማው ከጠፋ 17 ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የፍራንክፈርት ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ1970ዎቹ እዚያ ቦታ ላይ የተገተረውን የማዘጋጃ ቤቱን የኮንክሪት ሕንጻ አፈረሱና ከ2012 እስከ 2018 ድረስ 35 ቤቶች ሠሩ፤ 15ቱ በጥንቱ መልክ የተመለሱ ናቸው። እውነቱን ለመናገር አዲሱ አሮጌ ከተማ ብዙም አይጥመኝም። ቀለሙ ገና ይሸታል፤ የጥንቱ ድሃም ተመልሶ አልገባበትም። ነገር ግን የለካና የመዘገበ ሰው ባይኖር ይህችም አትገኝም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በልማት ስም ፒያሳ ሲፈርስ እኔ እዚሁ ሪደርቫልድ ስልክ ላይ ነበርኩ። ጋዜጠኝነት የጀመርኩበት፣ ከዚያም በፊት ያደግሁበት ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ሆኑ፤ ነዋሪው ወደ ዳርና ዳር ተበተነ። መንደሩ መታደስ አልነበረበትም አልልም፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ደርድሮ ያደረ ሰው የድህነትን ውበት አይሰብክም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የማዘጋጃ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ፎቶግራፍ በሽ ነው። የጉራንጉሩን ስፋት ግን ማን ለካው?

ሽማግሌውን «የእኔን ሰፈር እንሥራ» አልኳቸው። ወዲያው የቤት ብርድ መከላከያ የሆነውን ሰማያዊ ፎም አወጡ። በቢላዋ ይቆረጣል፤ የተጨማደደ አሉሚኒየም ፎይል ሲጫኑበት የድንጋይ መልክ ያወጣል። የሚረጭ ቀለም በቀጥታ ካረፈበት ግን ይቀልጣልና መጀመሪያ ሙጫና ጥቁር ቀለም ተደባልቆ ይቀባል። ከዚያ ብሩሹን ቀለም አስነክቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ደረቅ በደረቅ ማባበስ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ቀለሙን ይይዛል። ቆርቆሮ ጣሪያ የሠራነው ከካርቶን ነው፤ የላዩ ወረቀት ሲገፈፍ ሽንትርትሩ ብቅ ይላል፤ ቀይ ቡኒ ሲነካ የሃያ ዓመት ዝገት ሆነ። ለመሬቱ እሳቸው አሸዋ አቀረቡ። እኔ የበረካውን የቡና አተላ አድርቄ አመጣሁ። ጀርመኖቹም ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ የእኛ ግን ጭቃችንን ይመስላል።

ጭቅጭቁ የመጣው በስፋቱ ላይ ነው። በ28 ሚሊ ሜትር ሰው ከሄድን ልኬቱ 1 ለ60 ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ተጠማዞ የሚተላለፍበት፣ 1 ሜትር ከ20 የሆነው መተላለፊያችን 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወታደሩ የቆመበት ክብ ግን 25 ሚሊ ሜትር ነው። አይገባም። ሽማግሌው «ትንሽ አስፋው፤ አለዚያ ማን ይጫወትበታል?» አሉ። ከሰፋ ዶሮ ማነቂያ መሆኑ ቀረ። ሦስት ቅዳሜ ተከራከርን። በመጨረሻ ክቡን በመሞረድ ችግሩን ፈቱት።

ልኬቱን የማገኘው ከሰው ነው። እሑድ እሑድ ቤቴ ቡና ይፈላል፤ ያደጉበትን የሚያስታውሱ ሰዎች ወለሉ ላይ በጠመኔ ይስላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት እትዬ የምንላቸው እናት «ቦኖው ከጠጅ ቤቱ በላይ ነበር» አሉ። ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንስ፣ እኛ ግን ጋሼ የምንለው ሰው «የለም እትዬ፣ ከበታቹ ነው፤ እንስራ ይዛችሁ ሽቅብ ስትወጡ አይደል እንዴ የምናያችሁ የነበረው?» አላቸው። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አሉት። ቦኖው ከላይ ሆነ። ወገብ ያስታወሰውን ዓይን አያሸንፈውም ብዬ በመዝገቤ ላይ የእሳቸውን ጻፍኩ፤ የእሱንም በኅዳጉ አስቀመጥኩ።

አሁን ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሰሌዳ ተጠናቋል፤ በእውነተኛው መሬት 36 ሜትር በ36 ሜትር መሆኑ ነው። ፍርስራሽ እንዳይገባበት የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ፍርስራሽ የሌለበት ሰፈር ለጨዋታ አይመችም ብለው ሲያጉረመርሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሳምንት ከወታደሮቻቸው የአንዱን ጠመንጃ ቆርጠው በምትኩ የሊስትሮ ሣጥን አስይዘው አመጡልኝ። ጥጉ ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ሰሌዳ ከቦኖው ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርደው ነው። እዚያ ላይ ከደረጃው በስተግራ ሁለት ቤት ጎድሎናል፤ አንዱ የልብስ ሰፊ ሱቅ እንደነበር ሁሉም ይስማማል፤ ሌላውን የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ አካባቢ ያደጋችሁ፣ በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ስንት እርምጃም እንደሚያስኬድ የምታስታውሱ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልን። ሥዕል ባትችሉም ግድ የለም፤ በክንድ ለክታችሁ ብትነግሩን ይበቃናል።