ሪዝቅና ሶላት በካታኒንግ

ሰው ሪዝቁን ፍለጋ ባሕር ያቋርጣል፤ ዲኑንስ ይዞ ይደርሳል ወይ? ካታኒንግን ሳስብ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከተማዋ በምዕራብ አውስትራሊያ ገጠር፣ ከፐርዝ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 4,000 ገደማ ሲሆኑ ኑሯቸው በእህልና በበግ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የማላይ ሙስሊሞች ከክሪስማስና ከኮኮስ ደሴቶች መጥተው በሐላል ቄራው ሥራ ያዙ። በደመወዙ ብቻ ረክተው አልተቀመጡም፤ መስጊድ አቆሙ።

ይሁንና የገጠር ወጣት ለትምህርትና ለሥራ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል። የእኔንም ልጆች ሳይ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ቄራው እንጀራ ይሰጣል፤ ሶፉን የሚሞላው ግን ሶላትን ከወላጁ የተማረ ልጅ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የትም ቢሄዱ ይዘውት የሚሄዱትን ስንቅ ዛሬውኑ እናስይዛቸው።