ቀልዱን የሚጽፈው ማን ነው? ስለ ሌኒ ሄንሪ

ሌኒ ሄንሪ ሲባል ብዙዎቻችን ፊቱ ላይመጣልን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ልጁም አዋቂውም ያውቀዋል። ኮሜዲያን ነው፣ ጸሐፊ ነው፣ የመድረክ ተዋናይ ነው። ከእኛም ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ዛሬ ስለሱ የምጽፈው ግን ሕይወቱ አንድ ትልቅ ነገር ስላስተማረኝ ነው። ሰውን ማሳቅ ስጦታ ነው። ቀልዱን የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ያው ስጦታ መልሶ ያዋርድሃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ሌኒ የተወለደው በ1958 ደድሊ በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከጃማይካ የመጡት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ነበር። ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው ብቻቸውን መጡ፣ ፋብሪካ ገቡ፣ ቀስ በቀስ ቤተሰቡን አሰባሰቡ። ሌኒ ከልጆቹ ሁሉ እንግሊዝ ምድር ላይ የተወለደ የመጀመሪያው ነው። አባት ብሎ የሚጠራቸው ሰው ወላጅ አባቱ አለመሆናቸውን ያወቀውም ገና ልጅ ሳለ ነው። እናትየው ለልጆቻቸው የሰጡት ምክር ከአገሬው ጋር ተቀላቀሉ፣ ተግባቡ የሚል ነበር። ትንሹ ሌኒ ምክሩን በራሱ መንገድ ተገበረው። የታዋቂ ሰዎችን ድምፅ እያስመሰለ ጓደኞቹን ማሳቅ ያዘ። የሚስቅ ሰው ቢያንስ ለዚያች ቅጽበት አይጠላህም።

በ1975፣ በ16 ዓመቱ፣ "ኒው ፌስስ" የሚባል የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ቀረበ። ያቺን ቅጽበት ልብ ብላችሁ አስቧት። መድረኩ ላይ ቤሬት ኮፍያና ካፖርት ያደረገ ሰው ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ ቆሟል። የሚወጣው ድምፅ የፍራንክ ስፔንሰር ነው፤ በዘመኑ እንግሊዝ ሁሉ የሚያውቀው፣ የነካው ነገር ሁሉ የሚበላሽበት የኮሜዲ ገጸ ባሕርይ። ድምፁ ቁርጥ እሱን ነው። ከዚያ ሰውየው ዞር ይላል፤ ጥቁር ልጅ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ አሸነፈ፣ በአንድ ሌሊት ዝነኛ ሆነ። ያ ሳቅ ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎበት ነበር። ግማሹ ለችሎታው ነው። ግማሹ ደግሞ ከዚያ ድምፅ ጀርባ ጥቁር ፊት ይኖራል ብሎ ያልጠበቀ ሰው ሳቅ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ለይቶ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም።

ያስፈረመው ሥራ አስኪያጅ የ"ብላክ ኤንድ ዋይት ሚንስትረል ሾው" የመድረክ መብት ባለቤት ነበር። ለማያውቀው ልንገር፤ ይህ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥላሸት የመሰለ ቀለም ተቀብተው፣ ጥቁር መስለው የሚዘፍኑበትና የሚደንሱበት ትርዒት ነው። ቢቢሲ ላይ የተጀመረው ሌኒ በተወለደበት በ1958 ነው፤ እስከ 1978 ድረስ በቴሌቪዥን ታይቷል። ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚዝናናበት፣ በሚሊዮኖች የሚወደድ ዝግጅት ነበር። ሌኒን እዚያ አስገቡት። ፊታቸውን ከተቀቡት መሃል በራሱ ቆዳ የቆመ ጥቁር ልጅ። አምስት ዓመት ገደማ አብሯቸው ዞረ። በዚያ ዘመን በራሱ ቀለም ላይ የሚያሾፉ ቀልዶችንም ራሱ ይናገር ነበር። ያ ዘመን እንዴት እንዳሳፈረውና እንዴት ድብርት ውስጥ እንደከተተው በኋላ በግልጽ ተናግሯል፣ ጽፏልም።

እኔ በዚያ ልጅ ለመፍረድ አንደበት የለኝም። ከድሃ ቤት የወጣ፣ ቤተሰቡ የሚኮራበት፣ ትልልቅ ሰዎች "ይህ ዕድል ነው" ያሉት ልጅ ነው። ጥፋቱ ሌላ መድረክ ያላዘጋጁለት ሰዎች ነው። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ጭብጨባው እውነት ነበር፣ ገንዘቡም እውነት ነበር፤ ቀልዱ ግን የሌላ ሰው ነበር።

መውጫው ቀስ እያለ መጣ። በ1976 "ዘ ፎስተርስ" የተባለ፣ ተዋናዮቹ በአብዛኛው ጥቁሮች የሆኑበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ከታላቁ ተዋናይ ከኖርማን ቢተን ጋር ሠራ። ቀጥሎ "ቲስዋስ" የተሰኘው የቅዳሜ ጠዋት የልጆች ዝግጅት መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሎንዶን ውስጥ አዲስ የኮሜዲ ትውልድ ተነሳ። ዘርንና ሴትን መሳለቂያ ማድረግ ሰልችቷቸው ስለ ኑሮና ስለ ፖለቲካ በራሳቸው አንደበት የሚቀልዱ ወጣቶች ነበሩ። ሌኒ ከእነሱ ጋር ገጠመ። ወደዚህ ዓለም እንዲገባ ካበረታቱት አንዷ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ኮሜዲያን ዶውን ፍሬንች ናት። እዚያ ያየው ነገር ዐይኑን ከፈተው። ለካ ሰው የራሱን ሕይወት ተናግሮም ማሳቅ ይችላል!

ከዚያ በኋላ ዴልበርት ዊልኪንስን የመሰሉ ገጸ ባሕርያት ተወለዱ። ዴልበርት ብሪክስተን በሚባለው የሎንዶን ሰፈር ያለፈቃድ የሬዲዮ ጣቢያ የሚያንቀሳቅስ፣ አፉ የማያርፍ፣ ዘናጭ ጥቁር ወጣት ነው። ብሪክስተን በ1981 በፖሊስና በጥቁር ወጣቶች ግጭት የነደደ ሰፈር ነው። ጋዜጦች ስለዚያ ሰፈር የሚያወሩት ስለ እሳትና ስለ ወንጀል ሲሆን፣ ሌኒ ግን ሕልም ያለው፣ ጉራ ያለው፣ የሚወደድ ልጅ አቀረበ። በሚንስትረል ሾው ተመልካቹ በጥቁር ሰው ላይ ይስቅ ነበር፤ አሁን ከጥቁር ሰው ጋር መሳቅ ጀመረ። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ደግሞ በሩን ካለፈ በኋላ አለመዝጋቱ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክሩሺያል ፊልምስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ለጥቁርና ለእስያ ተወላጅ አዳዲስ የኮሜዲ ጸሐፊዎች መሠልጠኛ መድረክ ከፈተ። ልብ በሉ፣ ተዋንያን ብቻ አይደለም የፈለገው። ጸሐፊዎችን ነው። ብዕሩ በማን እጅ እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃልና።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት የረሃብ ምስል ዓለምን አስደነገጠ። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ተንቀሳቀሱ፤ ኮሜዲያኖቹም ተከተሉ። ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ሌኒ ሄንሪ በሳቅ ገንዘብ የሚያሰባስበውን "ኮሚክ ሪሊፍ" የተባለ የእርዳታ ድርጅት መሠረቱ፤ በ1985 የገና ዕለት ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች መጠለያ በቢቢሲ በቀጥታ ይፋ ሆነ። በየካቲት 1988 የመጀመሪያው "የቀይ አፍንጫ ቀን" ተከበረ። በመላ እንግሊዝ ሰው የፕላስቲክ ቀይ አፍንጫ እየገዛ አደረገ፤ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ። በዓመታት ውስጥ ድምሩ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል። በኮረም ሜዳ ልጃቸውን የቀበሩ እናቶችን ለሚያስታውስ አገር ይህ የሚረሳ ውለታ አይደለም። አመሰግናለሁ ስል ከልቤ ነው።

ግን እዚህም ያው ጥያቄ ይመጣል። ታሪኩን የጻፈው ማን ነበር? ለዓመታት በኮሚክ ሪሊፍ ፊልሞች የእንግሊዝ ዝነኞች ወደ አፍሪካ መንደሮች እየሄዱ የተራበ ሕፃን አቅፈው ካሜራ ፊት ሲያለቅሱ ታዩ። ገንዘቡ ደርሷል። ምስሉም አብሮ ቀርቷል። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን "ኢትዮጵያ" ሲሉ ከክፍል ጓደኞቻቸው ምን መልስ እንደሚሰሙ የሎንዶንም የዋሽንግተንም ሐበሻ ያውቀዋል። በ2019 ጥቁሩ የፓርላማ አባል ዴቪድ ላሚ ይህን አቀራረብ በአደባባይ ተቸ። ድርጅቱም በ2020 ዝነኞችን ወደ አፍሪካ መላክ እንደሚያቆምና ፊልሞቹን የአገሬው ባለሙያዎች እንደሚሠሩ አሳወቀ። ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የረዳን ሰው ውለታና የራሳችንን ታሪክ የመናገር መብታችን አይጣሉም።

ሌኒ በሁለተኛው የሕይወቱ ምዕራፍ ያደረገው ደግሞ ብርታት የሚሰጥ ነው። በወጣትነቱ ያልተሟላለትን ትምህርት ጎልማሳ ሆኖ ያዘ። በኦፕን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ያዘ፣ ማስተርስ ጨመረ፣ በ2018 ደግሞ ዶክተር ሆነ። የጥናቱ ርዕሰ ጉዳይ ጥቁሮች በመገናኛ ብዙኃን ያላቸው ቦታ ነው። በ2009፣ ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ፣ በሼክስፒር "ኦቴሎ" ላይ መሪውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት የቲያትር ሽልማት አገኘ። የሽልማቱ ዘርፍ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ገቢ የሚል ነው። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ዝነኛ የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ጎንበስ ብሎ ተማረ፤ እንደ ጀማሪም ተሸለመ።

በ2014 በባፍታ (የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ) መድረክ ንግግር ሲያደርግ አንድ ቁጥር ጠቀሰ። በ2006 በእንግሊዝ የቴሌቪዥንና የፊልም ኢንዱስትሪ ከጥቁር፣ ከእስያና ከሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ሠራተኞች 7.4 በመቶ ነበሩ። በ2012 ወደ 5.4 በመቶ ወርደዋል። በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃና የእነሱን ቁጥር ለመጨመር ብቻ የሚውል ገንዘብ መመደብ እንዳለበት ተከራከረ። በሚቀጥለው ዓመት ንግሥቲቱ የሰር ማዕረግ ሰጡት፤ እሱ ክርክሩን አላቆመም።

በ2023 ደግሞ ሲጀመር ወደነበረው ቤት ተመለሰ። "ስሪ ሊትል በርድስ" የተሰኘውን የቴሌቪዥን ድራማ ጻፈ። በ1957 ከጃማይካ ወደ እንግሊዝ ስለመጡ ሦስት ሴቶች ነው፤ ምንጩ እናቱ ያወሩለት ታሪክ ነው። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ በ1998 አርፈዋል፤ ድራማውን አላዩትም። ልጆቿን ጥላ ፋብሪካ የገባችው ስደተኛ ሴት ግን በገዛ ልጇ ብዕር ለእንግሊዝ ሕዝብ ታየች፤ ውበቷም፣ ኩራቷም፣ ሳቋም አብሮ።

ይህን ለምታነቡ ወጣት ኮሜዲያኖችና ጸሐፊዎች፣ በተለይ በሰው አገር ተወልዳችሁ በሰው ቋንቋ የምታስቁ ልጆች፣ መልእክቴ አንድ ነው። ጭብጨባ አያታላችሁ። ሕዝቡ የሚስቀው በእናንተ ላይ ነው ወይስ ከእናንተ ጋር? ይህን ሁልጊዜ ጠይቁ። በእናንተ ላይ ከሆነ ብዕር አንሡ። ለማንሣት ደግሞ መቼም አይረፍድም፤ ሌኒ ሄንሪ የእናቱን ታሪክ ለቴሌቪዥን ያበቃው በ65 ዓመቱ ነው።