ደብተሩ በማን ስም ነው?

በበዓል ዋዜማ ወደ አዲስ አበባ የከብት ገበያ ብቅ ያለ ሰው፣ የሰባ በሬ የያዘ ነጋዴ ሁሉ «የጅሩ ሰንጋ ነው» ሲል ይሰማል። በሬው ከእነዋሪ ይምጣ ከሌላ ስፍራ የሚጠይቅ የለም። የሞረትና ጅሩ ገበሬ በመረሬ መሬቱ ላይ አርሶ፣ ከደጁ አስሮ አብልቶ ያተረፈው ስም እንዲህ ያለ ከልካይ ይዞራል። ገበያው ላይ ቢያንስ አዋቂ ገዢ ሻኛውን ዳብሶ እውነቱን ይለያል። በኢንተርኔት ላይ ግን የሚዳበስ ነገር የለም። አንድ አድራሻ አንድ ባለመዝገብ ብቻ አለው፤ እርሱም ቀድሞ ያስመዘገበው ነው።

«ድረ ገጽ ገዛን» እንላለን እንጂ የዶሜይን ስም እንደ ዕቃ ተገዝቶ አይቀርም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ ነው። ኪራዩ የሚጸናውም በመዝጋቢው ድርጅት ዘንድ ስሙና ኢሜይሉ ለሰፈረው ሰው ነው። ገንዘቡን ያዋጣው ማን ነው፣ ስሙንስ ከአያቶቹ የወረሰው ማን ነው ብሎ መዝገቡ አይጠይቅም።

እኔ አባል በሆንኩበት አንድ የተወላጆች ማኅበር የደረሰው ይኸው ነው። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ባለሙያ አድራሻውን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዘገበ፤ ክፍያውን ውጭ አገር ያለ ዘመዱ በባንክ ካርዱ ይፈጽምለት ነበር። በዚህ ልጁን አልወቅሰውም። ለብዙ ዓመታት ብር ብቻ ለያዘ ተራ ዜጋ የውጭ መዝጋቢን መክፈል የማይሞከር ነበርና፣ በአገራችን የስንቱ ድርጅት አድራሻ በሜሪላንድ ወይም በስቶክሆልም በሚኖር የአክስት ልጅ ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደኖረ ቤት ይቁጠረው። ወጣቱ ሥራ ለወጠ፤ ኢሜይሉንም መክፈት ተወ። የኪራዩ ዘመን ማብቃቱን የሚያሳስቡት መልእክቶች አንባቢ ወደሌለው ሳጥን ገቡ። አንድ ቀን የማኅበሩን አድራሻ የከፈተ አባል የቁማር ማስታወቂያ ጠበቀው።

ነገሩ በስብሰባ ተነሥቶ ሁላችንም በቴክኒክ ወሬ ስንባክን፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አንድ አዛውንት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ለመሆኑ ደብተሩ በማን ስም ነው የወጣው?» ሲሉ ጠየቁ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎ የሚሰጠውን ያን ደብተር ገበሬው ከሣጥኑ ሥር የሚያኖረው በከንቱ አይደለም። ስም ከደብተር ሲቀር ምን እንደሚከተል ከእኛ ከተማሩት ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል።

ዘመኑ ያለፈበት ስም በአንድ ሌሊት አይጠፋም። «ዶት ኮም»ን በመሳሰሉት ላይ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገሥ ይችላል። ስሙ ከተሰረዘም በኋላ የቀድሞው ባለቤት ከፍ ያለ ክፍያ ፈጽሞ የሚዋጅበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ለቀደመ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የሚሻሙት ደግሞ ሰዎች ሳይሆኑ ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ማኅበራችን ወሬውን ሲሰማ ይህ ሁሉ አልፏል።

ዳኛ የለም ወይ? አለ፤ ግን ለትንሽ ከተማ ሩቅ ነው። የዓለሙን የስም ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የክርክር ደንብ መሠረት ከሳሹ የንግድ ምልክት መብት እንዳለው ማስረዳት ይኖርበታል፤ የቦታ ስም ብቻውን አይበቃም። የባርሴሎና ከተማ ምክር ቤት «ባርሴሎና ዶት ኮም»ን በ2000 በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ሸንጎ ረትቶ፣ በ2003 በአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተረትቷል። ፈረንሳይ በአንጻሩ አንድ ግለሰብ በ1994 ያስመዘገበውን «ፍራንስ ዶት ኮም» በገዛ አገሯ ፍርድ ቤቶች ረትታ በ2018 ወስዳዋለች። እነርሱ ጠበቃ የሚያቆሙበት ግምጃ ቤት አላቸው። የእነዋሪ ማዘጋጃ ቤት በየትኛው በጀቱ?

ታዲያ በራሳችን «ዶት ኢቲ» ለምን አናስመዘግብም? ይህ የኢትዮጵያ መለያ የተመዘገበው በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነው፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ወደ አገሩ ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። መዝገቡ ግን በመንግሥቱ ቴሌ እጅ ኖረ፤ ዛሬም በኢትዮ ቴሌኮም ስም ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎጎችን ያገደ፣ ሰኔ 2010 ላይ በአንድ ጊዜ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ያለ መንግሥት ባለበት አገር፣ ነጻ ጸሐፊ ስሙን ለዚያው መንግሥት ድርጅት ሊያስረክብ አልደፈረም። የታገደ ገጽ ውጭ አገር ሆኖ ይነበባል፤ የተነጠቀ ስም ግን የትም አይነበብም። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው ባይ ነኝ። ስለ ስንዴና ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ ለሚጽፍ የወረዳ ማኅበር ግን ፍርሃቱ ይህን ያህል አይከብድም፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በሦስት የላቲን ፊደላት ምሕጻር በዚሁ መለያ ሥር ይኖራል።

እኛ በመጨረሻ ሁለቱንም መረጥን፤ አንድ በአገር ቤት፣ አንድ በውጭ። ምዝገባው በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉን ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዥዋ ይዘዋል፤ ስሙ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይሻገር ተቆልፏል፤ የውጭው የ5 ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ተከፍሏል። ሰዓታት የፈጀው ፊደሉ ነበር። እነዋሪን በእንግሊዝኛው «ኢ» የሚጀምሩ አሉ፣ በ«አይ» የሚጀምሩም አሉ፤ ሁለቱም በሰነድ የተደገፉ ናቸው። ሁለቱንም አስመዝግበን አንዱን ወደ ሌላው መራነው። ጅሩን በሁለት «አር» የሚጽፉ ሽማግሌዎች ሦስተኛ እንዲጨመር ጠይቀው ነበር፤ ገንዘብ ያዥዋ «ለመጪው ዓመት በጀት» ብላ መዝግባዋለች።