ቀይና ሰማያዊ

ከጣርማበር ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለት አገር ይለብሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው ብርድ፥ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ደብረ ሲና ላይ አንገቱን ይፈታል፤ አርማንያን ሲያልፍ አውልቆ ጭኑ ላይ ያኖረዋል። ወደ 1300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን ካፖርት የሚባል ልብስ ለምን እንደ ተፈጠረ ይገርመዋል። ማሾና ማሽላ፥ ሽንኩርትና ማንጎ የሚበቅለው በዚህ ሙቀት ነው። የሮቢ ወንዝም ይህን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

በዚህች ከተማ አንድ የፊዚክስ መምህር ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ ቤት ሠራ። ግድግዳው ተለስኖ፥ ወለሉ ሲሚንቶ ጠጥቶ ካለቀ በኋላ የቀረው ነገር ትንሽ ይመስል ነበር፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ። ባለቤቱ «ሚክሰር ይሁን» አለች፤ ይኸውም ሙቁንና ቀዝቃዛውን በአንድ አፍ የሚያፈስ፥ በአንድ እጀታ የሚታዘዝ። መምህሩ ሳቀ።

«ሮቢት ላይ ደግሞ ሙቅ ውሃ ለምን? ፀሐይዋ መች አነሰችን?»

እናቱ፥ ጥግ ካለችው እንስራ አጠገብ እንደ ተቀመጡ፥ ነገሩን ባጭሩ ዘጉት። «ውሃ ካለ በቅልም ይጠጣል፤ ውሃ ከሌለ በወርቅ ቧንቧም አይጠጣ።»

ሚስት አሸነፈች። መምህሩም አዲስ አበባ ወጥቶ፥ መርካቶ ከተደረደሩት መካከል የሚያብረቀርቀውን መርጦ መጣ። ዕቃውን በእጁ መዝኖ አላየውም፤ የዐይን ገበያ ነበር።

በሚክሰር እጀታ ላይ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ ቀይና ሰማያዊ። ነጥቦቹ የብርድ አገር ልጆች ናቸው። አልፍሬድ ሞን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ባለ ሁለት መክፈቻ ቧንቧ ከፍቶ ሙቁ ውሃ እጁን ስለ ፈጀው ባለ አንድ እጀታውን አሰበ ይባላል፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1947 ነው። ሮቢት ላይ ይህ ሥርዓት ተገለባበጠ። የመምህሩ የውሃ ታንከር ጥቁር ላስቲክ ነበርና በጣሪያው ላይ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። በቀትር ሰማያዊው ወገን ሲከፈት የሚወርደው ውሃ ሕፃን የሚያስለቅስ ሆነ፤ ቀዩ ወገን ደግሞ ቦይለር ስለሌለ ደረቅ ነበር። የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ ያው ከእናትየው እንስራ ይቀዳ ነበር። የሸክላው ገላ ያልባልና፥ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አስተምሯል!

ሌላም ያስተማረው፥ በቤቱ ግን የዘነጋው ነገር ነበር። ውሃ ሽቅብ የሚወጣው ከመጣበት ከፍታ አንጻር ብቻ ነው። በ1886 ዓ.ም. ገደማ የስዊስ ተወላጁ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ባስገባ ጊዜ ለከተማው ሰው ትንግርት ሆኖ ነበር፤ ትንግርቱን የሠራው ግን የእንጦጦ ከፍታ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይሰጣል። የመምህሩ ታንከር ከቧንቧው አፍ በላይ ያለው 3 ሜትር ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰሮች የሚሠሩት ከዚያ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ለሚሆን ግፊት ነው፤ ጠባብ በሆነው ሆዳቸው ውስጥ የሰነፈ ውሃ እንደ ክር ይቀጥናል። ባለቤቱ ድስት ለመሙላት ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ኅዳር 2014 ዓ.ም. መጣ። ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ ቤተ ሰቡ ሕፃኑን አዝሎ፥ አሮጊቷን ደግፎ ዳገቱን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። ያን ጊዜ ካፖርት ያስታወሰ አልነበረም። ከተማዋ በዚያው ወር ማለቂያ ገደማ ስትለቀቅ ተመለሱ። በሩ ተከፍቷል፤ ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ከወጥ ቤቱም ሚክሰሩ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ባለቤቱ ስለ ሌላው ሁሉ ዝም ብላ፥ በእነዚያ ቀዳዳዎች ፊት አለቀሰች። እንስራዋ ግን ማንም ሳይፈልጋት በጥጓ ቆማ ነበር። እናቲቱ ጎንበስ አድርገው አንድ ጣሳ የማይሞላ ውሃ አወጡና የሕፃኑን ፊት አጠቡበት። «እኔ ብያለሁ» አላሉም። ለዚህ ዝምታቸው መምህሩ እስከ ዛሬ ባለዕዳ ነው።

ሁለተኛው ቧንቧ የተገዛው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ጥያቄውም ሌላ ሆኖ ነበር፤ ያመነውን ነገር እንደገና ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል ወይ የሚል። ባለቤቱ አሁን «ይቅርብኝ» ባይ ነበረች። «ሚክሰር ይሁን» ያሉት እናትየው ናቸው፤ «ቀዳዳውን አታሳዩኝ» ብለው።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ወጣቱን የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ገበያ ወጣ። ልጁ ዕቃውን እያገላበጠ፥ ጥርሱ ያለበትን ያልተቀባ ውስጡን ያይ ነበር። «ጋሼ፥ ከላይ ሁሉም ክሮም ነው፤ ውስጡ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ግራጫ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ይሰነጠቃል። ናሱ በእጅም ይከብድዎታል።» ቀጥሎም ባለ አንድ እጀታውን ትቶ፥ ውሃ የሚያልፍበት ሆዱ ሰፊ የሆነ ባለ ሁለት መክፈቻ ሚክሰር መረጠ። ጎሚኒው ሲያልቅ በጥቂት ብር ይቀየራል፤ ባለ አንድ እጀታው ግን ሆዱ ውስጥ ያሉት ሁለት የሸክላ ሰሌዳዎች አንዴ በአሸዋ ከተቧጨሩ በልኩ የተሠራ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ያን ሮቢት ላይ ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው። ያልተሞሸረ የሚመስለውን ዕቃ መግዛት ለመምህሩ ቀላል እንዳልነበረ መካድ አይገባም።

የታንከሩ መስመር ከቀዩ ጋር ተጋባ፤ ከመሬት በታች የሚመጣው የመንገዱ መስመር ከሰማያዊው ጋር። ፀሐይ ቦይለር ሆነች ማለት ነው። ሠራተኛው ወደ ታንከሩ በሚወጣው መስመር ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ጨመረ፤ የመንገዱ ግፊት ሲበረታ ቀዝቃዛው ውሃ በሙቁ መንገድ ሽቅብ እንዳይመለስ። ቧንቧውን ከመግጠሙ በፊትም መስመሩን ክፍት ለቆ ዝገቱንና አሸዋውን በባልዲ አስወጣ። ይህችን የአምስት ደቂቃ ሥራ የሚዘል ባለሙያ ሞልቷል፤ የብዙ ቧንቧ ዕድሜም የሚያጥረው በእርሷ ነው።

እንክብካቤው ወደ እናትየው ዞረ። በቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት ውሃው ጥሎት በሚሄደው ነጭ ኖራ ስትደፈን ውሃው ይበተናል። አቼቶ ይፈታዋል፤ እሳቸው ግን ሎሚ ይመርጣሉ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አል ዑመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ ስለ ይፋትና ስለ ጎረቤቶቿ ሲተርክ ሎሚንና ሸንኮራን ከአገሩ በረከት ቆጥሯል፤ እሳቸው ይህን አያውቁም፤ ወንፊቷን አስፈትተው በሎሚ ጭማቂ ያሳድራሉ። በረኪናና የድስት ሽቦ ክሮሙን ስለሚገፍፉት ከወጥ ቤቱ ተባረዋል። ጠብታም ይቆጥራሉ። በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ፥ ጠብታዋም ሩብ ሚሊ ሊትር ብታህል፥ በአንድ ቀን ከ20 ሊትር ይበልጣል ብሎ ልጃቸው ቢያሰላላቸው፥ «አንድ ጀሪካን በለኛ» አሉት፤ ጀሪካን የተሸከመ ጀርባ ሒሳቡን ቀድሞ ያውቀዋል።

የመንገዱ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌሊት ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ያስነጥሳል፤ ከዚያ አየሩን ተፍቶ ያጉረመርማል። ባለቤቱ ሰማያዊውን ምሽት ላይ ከፍታ ረስታው ከሆነ፥ በጨለማ የሚሰማው የእናትየው ነጠላ ጫማ ነው። ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እንስራዋን ይሞላሉ፤ መክፈቻውን በሁለት ጣት አዙረው ዘግተው፥ መዳፋቸውን ከሥሩ አድርገው ጥቂት ይቆማሉ፤ ይጠብ እንደሆነ።