የሚያስቅ ወዳጅ

በምርጫ የተሸነፈ ወገን ጋዜጠኛውን ሲራገም መስማት ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 በአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፣ ሪፐብሊካኖች ለ12 ዓመት የያዙትን የተወካዮች ምክር ቤት ከነሴኔቱ ለዴሞክራቶች ሲያስረክቡ የገረመኝ ግን የአንድ ወግ አጥባቂ ንግግር ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ይደመጥ የነበረው የሬዲዮ ሰው ራሽ ሊምባው፣ በማግስቱ ነፃ የወጣ ያህል እንደተሰማው ለአድማጮቹ ተናገረ። ለማይገባቸው ሰዎች መሟገት ከእንግዲህ ቀረለታ!

ታዲያ እስከዚያ ቀን ያመኑት አድማጮችስ? የኢራቅን ጦርነት ምሬት ጠላት ያሉት ጋዜጣ ሲነግራቸው፣ ወዳጅ ያሉት ሬዲዮ ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ከረመ። «የሚጠላህ ያስቅሃል፣ የሚወድህ ያስለቅስሃል» ይላሉ አባቶች። እኔም የማድረው በብዕሬ ነውና ይህን እላለሁ፤ ወገኑን ሁልጊዜ ደስ እያሰኘ የሚሸኝ ጸሐፊ፣ የሽንፈቱን ቀን ያቀርብለታል።