ፍቅረኛችሁን በዳገት አትፈትኑ!

የአዲስ አበባ ወጣት «ሽርሽር» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ኬክ ቤት ነው፤ ኪሱ ደህና ከሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ። ብስክሌት ይዞ ከከተማ መውጣት የሚያምረው ግን እየበዛ ነው። ጥሩ ነው! ጤናም ነው፣ ጨዋታም ነው፣ ከኬክ ቤት ሂሳብም ይረክሳል። ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ጀማሪ ሲሆን ነው። መንገድ የሚመርጠው ሁልጊዜ ጎበዙ ነዋ! የሚመርጠውም ለራሱ ነው።

እስቲ ይህችን ስሙኝ። ሁለት ዓመት አብረው የቆዩ ጥንዶች ናቸው። እሱ ብስክሌት ላይ ያደገ፣ እሷ በዕድሜዋ አምስት ጊዜ እንኳን ያልነዳች። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በባህር ዛፉ መሀል፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርድ ጠባብ መንገድ ይዟት ሄደ። «ቁልቁለት ነው፣ ፔዳል እንኳን አትመቺም» አላት። አፋፉ ላይ ቆማ «ፈራሁ» ስትለው ሳቀባት። መጀመሪያዋ ኩርባ ላይ የባህር ዛፍ ልጥና ቅጠል አንሸራተታትና ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጀሶ ተደረገላት። ስብራቱ ድኗል። ሳቁን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። አሁን አብረው አይደሉም።

ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር እናስተውል። ብዙዎቹ የከተማችን ሴቶች ጀማሪ የሆኑት ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ብስክሌት በሰዓት እየተከራየን ስንጋልብ እነሱ ውሃ ይቀዱ፣ ቡና ያፈሉ ነበር። ብስክሌት ላይ የወጣች ልጅ ካለችም «ይቺ ወንዳወንድ!» ተብላ ወርዳለች። እኛ አስር ዓመት ወድቀን ተነስተን የተማርነውን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እንድታውቀው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ታዲያ የጀማሪ መንገድ የቱ ነው? ፈረንጆቹ ይህን በቀለም ለይተውታል። ከበረዶ ሸርታቴ የተወሰደ ዘዴ ነው። አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ለጎበዝ። ዓለም አቀፉ የማውንቴን ባይክ ማኅበር በሚጠቀምበት መለኪያ አረንጓዴ መንገድ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ዳገቱ በአማካይ በ100 ሜትር ውስጥ ከ5 ሜትር አይበልጥም። ዞር ብለው የማያልፉት ድንጋይ ወይም ሥር ቢኖርም ቁመቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ምልክት ተክሎ የሚጠብቃችሁ የለም። ሚዛኑን በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ሱሉልታ ለጀማሪ የምትመች አገር ናት። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ሜዳው የተንጣለለ ነው። ሯጮቻችን የሚወዷት በከንቱ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራውም እዚሁ ነው። ነገር ግን ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ልጅ ለምዶታል። ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ወዳጅ ካላችሁ ግን ቶሎ ቢያለከልክ አትገረሙ፤ ግማሹን ርቀት ብቻ አስቡለት።

የመጀመሪያው ምክሬ፣ ከአዲሱ ገበያ ጀምራችሁ በአስፋልቱ ሽቅብ አትንዱ! ዳገቱ ረጅም ነው፤ የጭነት መኪናው ጢስና ጥሩምባም ጀማሪን ያሸብራል። ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭናችሁ ሱሉልታ ድረስ ሂዱና ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ ጀምሩ።

በመጀመሪያው ቀን ሰፊውንና ደረቁን የሜዳ ዳር የእግር መንገድ ምረጡ። አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ አምስት መመለስ ይበቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉዞ ወደ ገጠር የሚያስገባውን ኮሮኮንች ሞክሩ። የእንጦጦ ጫካ ቁልቁለት ወር ሙሉ ከለመደች በኋላ ይደርሳል፤ አይሸሽም! ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መንገድ የሚሻ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለለት።

ስትሄዱ ነፋስ ከኋላ እየገፋችሁ ወይም መንገዱ እያዘቀዘቀ ከሆነ አትደሰቱ። መልሱ ዳገት ነው፤ ያውም ከደከማችሁ በኋላ። ጎበዝ መሪ ዳገቱን በጠዋት ጉልበት ያስጨርስና ወደ ቤት ሲመለስ ያቀለዋል።

ወቅቱንም እዩ። ክረምት ላይ ሜዳው ይረግጋል፤ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ቸርኬው ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን ያስቆመዋል። መስከረም አደይ አበባው ቢያምርም ጭቃው አልለቀቀም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው። ማለዳው ግን ውርጭ ስለሆነ ጓንት ያዙ። የእህል ማሳ ላይ ፈጽሞ አትንዱ! ለእናንተ ሣር የመሰለው የሰው የዓመት ቀለብ ነው።

ብስክሌቱን ሳትነኩ አትውጡ። የጀማሪ ሴላ ዝቅ ይበል፤ ቁጭ ብላ እግሯ መሬት ይንካ። ጎማው ድንጋይ እስኪመስል አይነፋ፤ ኮሮኮንች ላይ ያነጥራል። ፖምፓና ትርፍ ካመራዳሪ ይኑራችሁ። ሄልሜት ለሁለቱም ነው፤ «እኔ አልወድቅም» የሚል ጎበዝ አይሁን። ፍሬንን ሜዳ ላይ አስተምሯት። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ ጭምድድ ያደረገ በጭንቅላቱ ይተከላል፤ የኋላውን ብቻ የያዘ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ባንድ ላይ፣ በለስላሳው፣ መቀመጫን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ሱሉልታ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ የተካተተች፣ ግንባታ የበዛባት ናት። አምና ያለፋችሁበት መንገድ ዘንድሮ አጥር ሊሆን ይችላል። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ሲመሯችሁ «ገለቶማ» በሉ። የእረኛ ውሻ ከመጣ ለመሸሽ አትጋልቡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሀል አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ በእግር እለፉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህችን ያዙልኝ። ጎበዙ ከኋላ ይንዳ! ፊት የሄደ ሰው ሳያውቀው ይፈጥናል፤ የኋለኛው ደግሞ እፍረት ይዞት ከአቅሙ በላይ ይከተላል። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ትሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ ማውራት ካቃታት ፈጥናችኋል ማለት ነው። «ልውረድና ልግፋ» ካለች ውረድና አብረህ ግፋ። «ይቺን ዳገት እንኳን?» የምትለዋን ቃል ቤትህ ትተሃት ና። «እንመለስ» ካለች ክርክር የለም፤ ይመለሳል።

እህቶቼ፣ እናንተም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። ብስክሌት የምታውቀው እሷ፣ የማያውቀው እሱ የሆነበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የእሱ ችግር ሌላ ነው። ወንድ ሆኖ «ፈራሁ» ማለት አፉ ላይ ይተናነቀዋል፤ ዝም ብሎ ገደል ይገባል። እንግዲያው እንዲናገር አትጠብቂ። ቀላሉን መንገድ አንቺው ምረጪለት፤ «ዛሬ እኔ ቀስ ማለት ፈልጌያለሁ» በይው። ክብሩም አጥንቱም ይተርፋል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ሜዳ ላይ ሦስት ቅዳሜ የታገሰ ሰው በአራተኛው «ዛሬስ ያንን ዳገት ብንሞክር?» የሚል ጥያቄ ከጀማሪው አፍ ይሰማል። ዳገቱ መከፈት ያለበትም ያን ቀን ብቻ ነው።

መልካም ጉዞ! ሄልሜቱን እንዳትረሱ።